ስኪማቲኩን ማን ነው የሚያነበው?

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ አራት ኪሎ ነው የምቀዳው ስለዚህ መሀል ላይ ረዳቱ ፒያሳ ፒያሳ ሲል ከሰማችሁ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንድ ልጅ የሰርኪዩት ስኪማቲክ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ስዕል፣ ላከልኝ፣ ኪካድ በሚባል የሰርኪዩትና የቦርድ መሳያ ሶፍትዌር የተሳለ። ኪካድን የማታውቁት ካላችሁ ነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋ ፍላሽ ይዞ መዞር የለም፣ ዣን-ፒየር ሻራስ የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆቹ 1992 የጀመረው ነው፣ በ2013 ደሞ ሰርን፣ ጄኔቫ ያለው የፊዚክስ ላብ፣ ማገዝ ጀመረ። ብቻ ፋይሉን ስከፍተው ሽቦ የሚባል ነገር የለም! ሁሉም ፒን (የክፍሎቹ እግር) ላይ ሌብል፣ ማለትም የግንኙነቱ ስም፣ ተለጥፏል፣ ቺፑ አንድ ጥግ፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ሌላ ጥግ፣ ካፓሲተሮቹ በሙሉ ታች ተደርድረዋል።

ኢአርሲ፣ የግንኙነት ስህተት የሚፈልገውን የኪካድ መመርመሪያ፣ አስኬድኩት፣ ዜሮ ኤረር። ለሶፍትዌሩ እኮ ስሙ አንድ ከሆነ ተገናኝቷል፣ ሽቦ ተሳለ አልተሳለ ግድ የለውም። ያልተገናኘ ፒን ወይም እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት አውትፑቶች ካሉ ይነግርሃል፣ 10 ኦም መሆን የነበረበት ቦታ 10 ኪሎ ኦም ብትጽፍ ግን ዝም ነው የሚለው፣ ያንን የሚያየው ሰው ነው፣ ሰው ደሞ በአይኑ ነው የሚከተለው።

እኔ ፓወር ወደ ላይ፣ ግራውንድ ወደ ታች፣ ሲግናል ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምስለው። የቺፑን ፓወር የምታረጋጋውን 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር እዛው ቺፑ ፓወር ፒን ጎን አስቀምጣታለሁ፣ ምክንያቱም ቦርዱን ሌይአውት የሚያደርገው፣ ማለትም ክፍሎቹን ቦርዱ ላይ የሚደረድረው፣ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ከቺፑ መራቅ እንደሌለባት ከስዕሉ ይገባዋል። አራት ሽቦ አንድ ነጥብ ላይ አላገናኝም፣ ሁለት ቦታ ከፍዬ ነው የማገናኘው፣ አምስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አንዴ ከገባ ሽቦዎቹ መገናኘታቸውን የምታሳየው ያቺ ጥቁር ነጥብ ትጠፋለቻ፣ ከዛ ይገናኝ ይለፍ ማን ያውቃል? (አዎ፣ እስካሁን ፕሪንት የሚያደርግ ሰው አለ፣ እኔ ነኝ።)

ሌብል አልጠላም፣ ከገጽ ገጽ ለሚሄድ ነገር ግድ ነው። ጎን ለጎን ላሉ ሁለት ፒኖች ግን ስንፍና ነው ባይ ነኝ።

ልጁን ይሄን ስለው «ቦርዱ ግን ይሰራል እኮ» አለኝ። ይሰራል። ሲበላሽ መልቲሜትር ይዞ ስኪማቲኩ ላይ የሚያፈጠው ጠጋኝ ግን ኢአርሲ አይደለም፣ እሱን ምን ልትለው ነው አልኩት፣ ሳቀና «እሺ ፓወሩን በሽቦ አወጣዋለሁ» አለ፣ ለጊዜው በሱ ተስማማን።

ስለ ፉትፕሪንት (ክፍሉ ቦርዱ ላይ የሚበየድበት ቅርጽ) ሌላ ጊዜ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቻው።