«ያምራል» አይበቃም፦ የዲዛይን ሥራን ስለ መተቸት

ይበልጣል፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከባሕር ዳር ነው የምንቀዳው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ አትቀየሙን። ይበልጣል ነኝ፣ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው።

ሰላማዊት፦ እኔ ደግሞ ሰላማዊት፣ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ። ዛሬ ጋሼን ነዝንዤ ያመጣሁት ጉዳይ ሂስ ነው። ክፍል ውስጥ ሥራችንን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ መምህሩ «እሺ፣ ተናገሩ» ይላል፤ ከዚያ ጸጥ። አንዱ እንደምንም ብሎ «ያምራል» ይላል። ሌላዋ «ከለሩ አልተመቸኝም» ትላለች። አለቀ፣ ወደሚቀጥለው።

ይበልጣል፦ ለምን ይመስልሻል?

ሰላማዊት፦ ይሉኝታ ነዋ። ዛሬ የእሷን ብተች ነገ የእኔ ተራ ነው። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ ቅር የሚለኝ ነገር ይኖራል ግን ምኑ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል።

ይበልጣል፦ ዋናው እሱ ነው። ይሉኝታው የሚብሰው የምትናገሪው ሲጠፋሽ ነው። እዚሁ ጎጃም የቅኔ ቤቱን ተመልከቺ፤ ዋሸራ በይ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ጓደኞቹ እየሰሙ ያርመዋል። ልጁ ተሰደብኩ ብሎ አያኮርፍም። ቤቱ መታ ወይ? ሰሙና ወርቁ ገጠመ ወይ? የሚታየው እሱ ነው።

ሰላማዊት፦ እኛ ጋ ግን ቤት የሚመታ ነገር የለማ። «የዓይን ጉዳይ ነው» ብለው ይገላግሉሻል።

ይበልጣል፦ ኧረ አለ! ፖስተር ሥራ ተሰጥቶት የተሰቀለ ነገር ነው። ሰው ደም እንዲለግስ፣ ስብሰባ እንዲመጣ፣ ማር እንዲገዛ። ሥራውን ሠራ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ የዓይን ጉዳይ የሚባለው በግማሽ ይቀንሳል።

ሰላማዊት፦ በግማሽ ብቻ?

ይበልጣል፦ ሌላው ግማሽ የዓይን ጉዳይ ነው፣ ምን አደርግልሻለሁ።

ሰላማዊት፦ (ሳቅ) እሺ። ኤድመንድ ፌልድማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ መምህር ያስቀመጠው ቅደም ተከተል አለ፣ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። መጀመሪያ የምታየውን ግለጽ፣ ከዚያ ክፍሎቹ እንዴት እንደተገናኙ ተንትን፣ ከዚያ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ ተናገር፣ ፍርድ መጨረሻ። ለፈተና ሸመደድነው፤ ግድግዳው ፊት ስንቆም ግን ሁላችንም ከአራተኛው ነው የምንጀምረው።

ይበልጣል፦ እስኪ ከአንደኛው እንጀምር። ስልክሽ ላይ ያለውን ፖስተር አምጪው።

ሰላማዊት፦ ለአድማጮች፦ የደም ልገሳ ጥሪ ነው፣ አንድ አዳራሽ በር ላይ ተለጥፎ ፎቶ ያነሳሁት። ማን እንደሠራው አንናገርም። በጣም የተጨናነቀ ነው፣ እና...

ይበልጣል፦ ቆይ! «የተጨናነቀ» ፍርድ ነው። ያየሽውን ብቻ።

ሰላማዊት፦ እሺ፣ እሺ። ወረቀቱ ኤ3 ነው። መደቡ ወይን ጠጅ የሚመስል ጠቆር ያለ ቀይ። ላይ ሦስት ሎጎዎች ተደርድረዋል። ከሥራቸው «ደም እንለግስ» የሚል ርዕስ በጥቁር። መሐል ላይ የደም ከረጢት ፎቶ። ከዚያ አንድ ረጅም አንቀጽ። ቀኑና ቦታው ታች ጥግ ላይ፣ ከአንቀጹም ባነሰ ፊደል።

ይበልጣል፦ ጎሽ። ዓይንሽ መጀመሪያ የት አረፈ?

ሰላማዊት፦ ሎጎዎቹ ላይ። ነጭ ክብ ውስጥ ስለሆኑ እነሱ ብቻ ናቸው የሚያበሩት።

ይበልጣል፦ በይ እንግዲህ ትንተና ገባሽ። ደም ስጡ የሚል ወረቀት መጀመሪያ የሚያሳይሽ ማን እንዳዘጋጀው ነው። ሰውየው «መቼ? የት?» የሚለውን እስኪያገኝ በሩን አልፎ ገብቷል።

ሰላማዊት፦ ርዕሱስ? እኔ ጥቁር በቀይ ላይ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር።

ይበልጣል፦ ይሄ መመዘን የሚቻል ነገር ነው። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው መመዘኛ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ለስክሪን የወጣ ነው፣ ግን ለወረቀትም ጥሩ መነሻ ይሆናል። ጥቁር እንዲህ ባለ ጠቆር ያለ ቀይ ላይ 2 ለ 1 አካባቢ ነው። ደማቁን ንጹህ ቀይ ብትወስጂ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጥቁር ከ5 ለ 1 በላይ ይሰጥሻል፣ ሁሉም የሚመርጠው ነጭ ግን 4 ለ 1 ገደማ ላይ ይቀራል።

ሰላማዊት፦ ነጭ ያንሳል? አላምንም።

ይበልጣል፦ ኮንትራስት የሚለካ ነጻ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ራስሽ ሞክሪው። እሱም ካልተመቸሽ ከግቢው በር ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደሽ በጥቁርና ነጭ አስኮፒው። ርዕሱ ከመደቡ ጋር አንድ ግራጫ ሆኖ ከወጣ፣ ለጓደኛሽ ወረቀቱን ብቻ ነው የምታሳዪያት፤ ክርክር የለም።

ሰላማዊት፦ ሦስተኛው፣ ትርጉሙ። ቀይ ደምን እንዲያስታውስ ነው መቼም። ግን ጥቁሩ ሲጨመርበትና መሐል ላይ ሰው ሳይኖር የተንጠለጠለ ከረጢት ስታይ... እኔን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው የመሰለኝ። የሚሰጥም የሚቀበልም ሰው የለበትም።

ይበልጣል፦ ይሄን ነው ክፍል ውስጥ መናገር። «ያስጠላል» ብትያት ልጅቷ ምን ታድርገው? «ሰው ስለሌለበት ጥሪ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ መሰለኝ» ካልሻት ግን ነገ የምትሠራው ሥራ አገኘች።

ሰላማዊት፦ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር? የምንማርበት ምሳሌ ሁሉ በላቲን ፊደል ነው። ርዕስን በካፒታል ጻፍ፣ በፊደሎቹ መካከል ክፍተት ስጥ ይላል። ፊደላችን ካፒታል የለውም!

ይበልጣል፦ እዚህ ላይ ልቆይበት፣ በየቀኑ ማተሚያ ቤት የማየው ነው። ካፒታል የለም፤ ስለዚህ አንድን ቃል ማጉላት የምትችይው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለም ወይ ባዶ ቦታ በመስጠት ነው። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ኒያላ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ይመርጡና ቦልድ፣ ማወፈሪያውን፣ ይጫናሉ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው፣ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ ስትጪው ፕሮግራሙ በግድ ያወፍረዋል። አሁን «ቤ»ን አስቢው።

ሰላማዊት፦ «ቤ» እንዴት?

ይበልጣል፦ «ቢ» እግሩ ላይ ትንሽ ሰረዝ አለው፣ «ቤ» ትንሽ ቀለበት። በግድ ሲወፍር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል። ከመንገድ ማዶ «ቢ» ይሁን «ቤ» መለየት የለም፣ ሰው በግምት ነው የሚያነበው። «ሰ»ና «ሸ»ም እንደዚያው፣ ልዩነታቸው አናት ላይ ያለችው መስመር ናት። መስመርና መስመር አጥብቀሽ ስትደረድሪ የላይኛው እግርና የታችኛው አናት ይነካካሉ። የአማርኛ ፖስተር ስትተቺ ይሄን ካላየሽ ምኑን አየሽው?

ሰላማዊት፦ ጎትተው የሚያሰፉትስ?

ይበልጣል፦ እሱን ተይኝ! ቦታው እንዲሞላ ብለው ፊደሉን ወደ ጎን ይለጥጡታል። ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው እንደነበረ ይቀራል፣ ፊደሉ የተረገጠ ይመስላል። ባጃጅ ላይ የሚለጠፉትን ስቲከሮች እዪ።

ሰላማዊት፦ ከካንቫ፣ የተዘጋጀ አብነት ከሚሰጠው ድረ ገጽ፣ የተወሰደ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ «ካንቫ ነው» ይላል፣ ሂሱ እዚያ ያልቃል። እኔም በበኩሌ ነውር ይመስለኛል።

ይበልጣል፦ ለእኔ ነውር አይደለም። ደንበኛ ለነገ ጠዋት ሲፈልግ እኔም እጠቀማለሁ።

ሰላማዊት፦ አንተ ለእንጀራ ነው፣ እኛ እየተማርን ነው ጋሼ።

ይበልጣል፦ ይሁን። ግን «ካንቫ ነው» ሂስ አይሆንም። «አብነቱ ለላቲን ካፒታል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ፊደሉ ሲገባበት ርዕሱ ተበታተነ» ካልሽ ሂስ ነው።

ሰላማዊት፦ እሱን እቀበላለሁ። ነውርነቱን ግን አልተውኩም። ሌላ ልጠይቅህ፦ ዓላማውን ሳላውቅ የምተቸውስ? ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄደን አንድ ልጅ ሥዕሎቹን አይቶ «ፊታቸው እውነተኛ አይመስልም» ብሎ አለፈ።

ይበልጣል፦ አየሽ፣ ሠዓሊው እውነተኛ ፊት ልሣል አላለም። ጻድቃኑ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹን በጎን ነው የሚስላቸው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ማንበብ የማይችል ምእመን ቆሞ ሲያይ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ዛሬ እኛ አይኮን፣ ስልክ ላይ የምትነኪያትን ትንሽ ምልክት፣ ስንሠራ የምንደክመው ለዚሁ ነው። ልጁ ለማን እንደተሣለ ቢጠይቅ ኖሮ ግማሽ ቀን እዚያው ይቆም ነበር።

ሰላማዊት፦ ደንበኛስ እንዴት ነው የሚተች?

ይበልጣል፦ «ትንሽ ደመቅ አድርገው።» ሁሌ እሷው ናት! ድሮ ቀለሙን ብቻ አደምቅ ነበር፤ አሁን «ከየት ሆኖ ነው የሚነበበው?» እላለሁ። ባነሩ ከባጃጅ ላይ የሚነበብ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የቃላቱ ብዛት ነው። ሦስት ቃል ስናወጣ «አሁን ደመቀ» ይላል።

ሰላማዊት፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የእኔ ሥራ ሲተችስ ምን ልሁን? እኔ አፌ አያርፍም፣ «እሱን ያደረግኩት እኮ...» ብዬ እጀምራለሁ።

ይበልጣል፦ ዝም በይና ጻፊ። ፖስተሩ መናኸሪያ ሲለጠፍ አጠገቡ ቆመሽ አታስረጂም። ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ ያንቺን ጥያቄ ጠይቂ፤ «ወደዳችሁት?» አትበይ። ለአምስት ሰከንድ አሳይተሽ ደብቂውና «ስለምን ነበር? መቼ ነው? የት?» በያቸው። ቀኑን ማንም ካላስታወሰ ወደ ሥራሽ ተመለሽ።

ሰላማዊት፦ ሁሉም ከተናገሩት የማይረባውን እንዴት ልለይ?

ይበልጣል፦ ምክንያት ያለውን ያዢ። ሁለት ሰው ሳይመካከሩ እዚያው ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ደግሞ ምክንያቱን ባይነግሩሽም ቦታውን እዪው። መፍትሔ የሚሰጡሽን ግን ቶሎ አትቀበዪ፤ «ሰማያዊ አድርጊው» ያለሽ ሰው ችግር አይቷል፣ ሰማያዊው ግን መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል።

ሰላማዊት፦ እሺ። አድማጮች፣ ሥራችሁን በቴሌግራም ላኩልን፣ በሚቀጥለው እዚሁ እንተቸዋለን። ለማን እንደሠራችሁትና የት እንደሚሰቀል ሳትጽፉ የላካችሁትን ግን ጋሼ አያየውም ብሏል።

ይበልጣል፦ አላይም። ቦልድ የተደረገ ኒያላም ካለበት ቀድማችሁ አስተካክሉት።