«አብላ» ማለት ምን ማለት ነው? የስፓኒሽ ግሥ እርባታ ለጀማሪ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስፓኒሽ ልንጀምር ነው። የምንጀምረውም ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ደብተሩን ከሚዘጋበት ቦታ ነው፤ ከግሥ እርባታ።

ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል የምትማሩ ካላችሁ፣ እንግሊዝኛውን ለአሁን ወደ ጎን አድርጉት። እዚህ ላይ ያደናግራችኋል እንጂ አይረዳችሁም። «አይ ስፒክ፣ ዩ ስፒክ፣ ዊ ስፒክ» እያለ ግሡን ሳይነካው ነው የሚያልፈው። እስቲ አማርኛውን ስሙት፦ ተናገርኩ፣ ተናገርክ፣ ተናገርሽ፣ ተናገረ፣ ተናገረች፣ ተናገርን፣ ተናገራችሁ፣ ተናገሩ።

«እኔ» አላልኩም፣ «አንቺ» አላልኩም። ማን እንደተናገረ ግን ከቃሉ ጫፍ አወቃችሁት። እርባታ ማለት ይኸው ነው፣ አፋችሁን ከፈታችሁበት ጊዜ ጀምሮ ስትሠሩት ኖራችኋል።

[ስክሪን ላይ፦ አብላር = መናገር]

የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ግሥን የሚያስቀምጠው እንደኛ «ተናገረ» ብሎ ሳይሆን «መናገር» ብሎ ነው። አብላር። ሲጻፍ መጀመሪያው ላይ «ኤች» አለች፣ አትነበብም፣ ለጌጥ ናት ብላችሁ እለፏት። በዚህ ቅርጹ የስፓኒሽ ግሥ ሁሉ ከሦስት በአንዱ ያልቃል፦ አር፣ ኤር ወይም ኢር። አራተኛ የለም።

አሁን «አር»ን ቁረጡና ጣሉ። በቀረው ላይ ጫፍ እንቀጥላለን።

[ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ይውጣ]
አብሎ፦ እናገራለሁ
አብላስ፦ ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ
አብላ፦ ይናገራል፣ ትናገራለች
አብላሞስ፦ እንናገራለን
አብላይስ፦ ትናገራላችሁ
አብላን፦ ይናገራሉ

ሳቃችሁ አይደል? «አብላ»፣ «አብላን»... እኔም መጀመሪያ ስሰማው ምሳ የሚለምን ሰው ነው የመሰለኝ። ሳቁ፣ ችግር የለውም፣ የተሳቀበት ቃል አይረሳም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ አንተና አንቺ፣ እሱና እሷ ግሡ ላይ አልተለዩም። እኛ በአሁን ጊዜ ከፊትም ከኋላም ነው የምንቀያይረው፣ «እናገራለሁ፣ ትናገሪያለሽ፣ ይናገራል» እያልን፤ እነሱ ኋላውን ብቻ። እኔን የሚያሳዝነኝ አማርኛ የሚማረው ስፔናዊ ነው። «ዮ» ማለት «እኔ» ነው፤ ግን በየአረፍተ ነገሩ «ዮ አብሎ፣ ዮ አብሎ» አትበሉ። ልክ በአማርኛ «እኔ እናገራለሁ፣ እኔ እበላለሁ፣ እኔ እሄዳለሁ» እንደሚል ሰው ትሆናላችሁ። ሌላው አይደለም፣ እኔ ነኝ ለማለት ስትፈልጉ ብቻ ጨምሩት።

አክብሮትስ? እኛ «እርስዎ ይናገራሉ» ስንል ግሡን የምንዋሰው ከ«እነሱ» ነው። ስፓኒሽ «ኡስቴድ አብላ» ሲል የሚዋሰው ከ«እሱ» እና «እሷ» ነው። ምክንያት አለው። «ኡስቴድ» ድሮ «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ከሚል አነጋገር ተጨማዶ የመጣ ነው፣ «ክቡርነትዎ» እንደማለት። ክቡርነትዎ ምን ይላል? ብሎ መጠየቅ ነበር ነገሩ።

«አብላይስ» የስፔን ነው። በላቲን አሜሪካ ለ«እናንተ» የሚሉት «ኡስቴዴስ አብላን» ነው። በደርግ ጊዜ ኩባ የተማረ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ ጠይቋቸው፣ እንደዚያ ነው የሚነግሯችሁ።

«ኤር»ን በ«ኮሜር» እንየው፤ መብላት ማለት ነው፣ እውነተኛው ምሳ ይሄ ነው። ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜይስ፣ ኮሜን። «ኢር» ደግሞ «ቢቢር»፣ መኖር፦ ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቢስ፣ ቢቤን። ሁለቱ የሚለያዩት «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ብቻ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። «አብሎ» ሲባል «አብ» ላይ ጫን ካላችሁ «እናገራለሁ» ነው፤ «ሎ» ላይ ጫን ካላችሁ «ተናገረ» ይሆናል። ሲጻፍ በምልክት ይለያል። እኛ «አለ»ን ስናላላው «ተናገረ»፣ ስናጠብቀው «ይገኛል» እንደሚሆነው ማለት ነው። ጆሮ ይጠይቃል፣ ቀስ እያለ ይመጣል።

ከሕግ የወጡም አሉ። «ነኝ፣ ነህ፣ ነው» ማለት ስትፈልጉ «ሶይ፣ ኤሬስ፣ ኤስ» ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። አትናደዱ፤ የኛስ «ነው» ትናንት ሲሆን ድንገት «ነበር» አይደል የሚሆነው? «ኬሬር»፣ መፈለግ፣ መሐሉ ይቀየራል፦ ኪዬሮ፣ እፈልጋለሁ። «እኛ» ላይ ሲደርስ ግን ኬሬሞስ ብሎ ይመለሳል። ይሄም አዲስ አይደለም፤ «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስበር» ስንል መሐሉን እያመስነው ነው።

አሁን ቪዲዮውን አቁሙ። «ትራባኻር» ማለት መሥራት ነው። ጮክ ብላችሁ አርቡት፣ ከዚያ አጫውቱት።

[አምስት ሰከንድ ዝምታ]

ትራባኾ፣ ትራባኻስ፣ ትራባኻ፣ ትራባኻሞስ፣ ትራባኻይስ፣ ትራባኻን።