የፋሲል ግንብ የድንጋይ ሽበትና የቀይ ባሕሯ ማንታ

ምንተስኖት፦ ሰላም ጤና ይስጥልን፣ ከጎንደር ነን። የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው መቅደስ ናት። አንድ ዓሣና አንድ ፈንገስ ላወዳድር ብላለች። ምን አገናኛቸው?

መቅደስ፦ ዝምድና ነዋ! ፋሲል ግቢ ግንቡ ላይ የተለጠፈውን ግራጫና ብርቱካናማ ነገር አይተኸዋል አይደል? የድንጋይ ሽበት የምንለውን። ብዙ ሰው ሣር ቢጤ ይመስለዋል። ዋናው አካሉ ግን ፈንገስ ነው፣ ውስጡ ደግሞ አልጌ ወይም ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ደቃቅ ፍጥረት ይኖራል። እሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ፈንገሱ ያስጠልለዋል። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ይህን ሲናገር ብዙ የዘርፉ ሰዎች አልተቀበሉትም ነበር።

ምንተስኖት፦ እሺ፣ ዓሣውስ?

መቅደስ፦ ማንታ። ከሬይ ወገን ናት፣ ጠፍጣፋ፣ አጽሟም እንደ ጆሯችን ልምጥ የሚል። ቀይ ባሕር ውስጥ ያለችው የሪፍ ማንታ ክንፏን ስትዘረጋ እስከ 5 ሜትር ትደርሳለች፣ የምትበላው ግን ፕላንክተን የሚባለውን፣ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ፍጥረት ነው። አሁን ልጠይቅህ፤ የግንቡ ፈንገስ በዘር የሚቀርበው ለሣሩ ነው ለማንታዋ?

ምንተስኖት፦ ለሣሩ ነዋ።

መቅደስ፦ ለማንታዋ! ፈንገስና እንስሳ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው፣ የዕፅዋት መስመር ከዚያ በፊት ተለይቶ ሄዷል። የፈንገስን ሕዋስ ግድግዳ የሚያጠነክረው ካይቲን እኮ የአንበጣ ቅርፊት ውስጥም አለ።

ምንተስኖት፦ ኧረ ተይ! ኑሯቸውስ ይገናኛል?

መቅደስ፦ ሁለቱም ያለ አጋር አይሆንላቸውም። ማንታዋ ኮራሉ ጋ ቆም ስትል ትናንሽ ዓሦች ተባዩን ከቆዳዋ ይለቅሙላታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ዝግታቸው ነው። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ሽበት ብዙውን ጊዜ በዓመት ቢጨምር ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንዱማ ያንንም አይሞላ። ማንታዋም ዓመት ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በየዓመቱ አይደለም። እንግዲህ የምትተነፍስበት ስንጥቧ ይሸጣል ተብሎ ስትገደል ምትኳ መቼ ይመጣል?

ምንተስኖት፦ ሽበቱ ግን ግንቡን አይጎዳም? ተፍቆ ቢነሳ እላለሁ።

መቅደስ፦ ጉዳትማ አለው፣ የፈንገሱ ክሮች ድንጋዩ ውስጥ ይገባሉ፣ አሲድም ያመነጫል። በሽቦ ብሩሽ ስትፍቀው ግን የድንጋዩንም ገጽ አብረህ ትልጠዋለህ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ሱዳን ያለው የማንታዎቹ መዋያ የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤም ከ2016 ጀምሮ ተመዝግቧል። ግንቡ መጽዳት ካለበት የጥገና ባለሙያ አጥንቶ ያጽዳው፣ ጎብኚ ግን በጥፍሩም አይንካው።

ምንተስኖት፦ በሚቀጥለው ደግሞ የሰሜን ተራሮቹን አምጪልን፣ አስታው ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን።

መቅደስ፦ እሱማ ዝርያው ሌላ ነው፣ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል።