ከአፍ በፊት ጆሮ

(ለትያትር ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ዛሬ የምትመረቁ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ልጆቼ ስላችሁ ቅር አይበላችሁ። አብዛኞቻችሁ ሳትወለዱ ነው እኔ መድረክ ላይ የወጣሁት።

አስተባባሪዎቹ "ስለ ራስዎ ሥራ ይንገሯቸው" ብለውኝ ነበር። አሰብኩበት። ግን ሰሞኑን አንዲት ሌላ ተዋናይት ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች። ስለዚህ ስለ እሷ ላውራችሁ። ስለ ሩት ነጋ።

ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት "ጂ" አለው። አንድ ፈረንጅ "ሁለት ለምን አስፈለገ?" ቢል አይፈረድበትም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ሌሊቱ ነጋ ስንል "ጋ" ይጠብቃል። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ሰው አገር የኖረች ሴት፣ ያቺን የጠበቀች ፊደል ይዛ የኒውዮርክ ታላላቅ ትያትር ቤቶች መንደር፣ ብሮድዌይ ድረስ ሄዳለች። ስሟን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

የተወለደችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ። አራት ዓመቷ ላይ ከአገር ወጣች። ሰባት ዓመቷ ላይ አባቷ በመኪና አደጋ አረፉ። ሊምሪክ በምትባል የአየርላንድ ከተማ አደገች፤ ቀጥላ ለንደን ገባች። ትወና የተማረችው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለኦስካር በታጨች ጊዜ "የኛ ናት" ብለን አጨብጭበናል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ደግሞም የኛ ናት። ግን ያስተማራትና የመጀመሪያውን ሚና የሰጣት የአየርላንድና የእንግሊዝ መድረክ ነው። ይህን መርሳት ለእነዚያ የትያትር ሰዎች ውለታ ቢስ መሆን ነው። እኛ ልንወስደው የሚገባን ጭብጨባውን ብቻ አይደለም። አሠራሯንም ነው።

እስቲ አሠራሯን እንየው። አመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

በ2003 "ዳክ" በተባለ አዲስ ተውኔት ላይ ተጫወተች፤ በጀማሪ ተዋናይነት ኦሊቪየ ለሚባለው የእንግሊዝ የትያትር ሽልማት ታጨች። ቀጥሎ የአየርላንዱ የፊልም ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን ችሎታዋን ወደደው። በ2005 በወጣው ፊልሙ ውስጥ እንድትገባ ሲል ስክሪፕቱን እስከ መቀየር ደርሷል። ይህ ለሁሉም የሚያጋጥም ዕድል አይደለምና ብዙ አልቆይበትም።

በ2009 ለንደን ናሽናል ትያትር ውስጥ ከዝነኛዋ እንግሊዛዊት ተዋናይት ከሄለን ሚረን ጋር "ፌድር" የተባለ ተውኔት ላይ ሠራች። ይህ ተውኔት ናሽናል ትያትር ከመድረክ በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ያስተላለፈው የመጀመሪያው ሥራ ነው። እናንተ ባለሙያ ናችሁና ትርጉሙ ይገባችኋል። ከኋላ፣ መጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፃችሁን ይፈልጋል። ካሜራው ደግሞ የዓይናችሁን ሽፋሽፍት ሳይቀር ያያል። በአንድ ምሽት ለሁለቱም መጫወት! ለመድረኩ ብላችሁ ካጋነናችሁ ሲኒማው ውስጥ ትጮሃላችሁ። ለካሜራው ብላችሁ ከቀነሳችሁ አዳራሹ አይሰማችሁም። መውጫው አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ አጠገባችሁ ያለውን ተዋናይ ከልብ መስማት። ሰው ከልቡ ሲሰማ ከሩቅም ከቅርብም ያው ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስኩ።

በ2010 እዚያው ናሽናል ትያትር የሼክስፒር "ሐምሌት" ሲሠራ ሩት ኦፊሊያን ተጫወተች። ኦፊሊያን ታውቋታላችሁ። አባቷ ያዟታል። ወንድሟ ይመክራታል። ሐምሌት ይጮህባታል። እሷ ትሰማለች። ሰምታ ሰምታ መጨረሻ ላይ አእምሮዋ ይናወጣል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ደብሊን ጌት ትያትር ውስጥ ያው ተውኔት ተሠራ። አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካዊቷ ያኤል ፋርበር ነበረች። ሩት ነጋ በዚህኛው ኦፊሊያ አይደለችም። ሐምሌትን ራሱን ሆና ወጣች። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ይህንኑ ሥራ ይዘው ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ገቡ።

ሴት ሐምሌትን ስትጫወት የመጀመሪያዋ አይደለችም። ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ሳራ በርናርድ በ1899 ፓሪስ ላይ ተጫውታዋለች። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሩት ያንን ሰውዬ ከፊቱ ቆማ ሰምታዋለች። ሲሰድባት፣ ሲያባርራት፣ በየምሽቱ በጆሮዋ ተቀብላዋለች። እንግዲህ እሱን መሆን ሲመጣ፣ የቃሉን ክብደት የምታውቀው ከተወረወረበት ሰው ጎን ሆና ነው። ይህን ዓይነት ዝግጅት በሦስት ወር ልምምድ አታገኙትም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በጥንቱ ጊዜ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ከዚያ አስናቀች ወርቁ መጣች። "አዝማሪ" እየተባለ ሰው በሚናቅበት ዘመን መድረክ ላይ ወጥተው ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ሴት ተመራቂዎች ሁሉ እሷ በከፈተችው በር ነው የገባችሁት። እኔም እንደዚሁ። ሐምሌትንም ቢሆን በፈረንጅ አፍ ብቻ አናውቀውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሰጥቶናል። ከእናንተ አንዷ ሐምሌትን ሆና በአማርኛ ስትናገር ልያት። ዕድሜ ይስጠኝ።

የራሴን አላወራም ብዬ ነበር፤ አንዷን ግን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሚናዬ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ቃለ ተውኔት ብቻ ነበረኝ። ሦስቷን ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እንቅልፌ ውስጥ ስደጋግማት ከረምኩ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሦስቱንም ሳልሳሳት ተናገርኩ። ደስ ብሎኝ ከመጋረጃ ጀርባ ስገባ ዋናዋ ተዋናይት ጠበቀችኝ። "አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ "እኔ ስናገር የት ነበርሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ፊቷ ቆሜ ነበር። እሷ ስታለቅስ እኔ የራሴን ተራ እየቆጠርኩ ነበር። ያን ምሽት ብዙ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ሰማኋት። ሦስቷ ቃሎች ያው ነበሩ። ተመልካቹ ግን በሁለተኛዋ ላይ ዝም አለ።

ለዚህ ነው "ላቪንግ" የተባለውን ፊልም ባየሁ ጊዜ ያቺ ሴትዮ ትዝ ያለችኝ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1958 ከቨርጂኒያ የመጡ ሁለት ሰዎች ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ሪቻርድ ነጭ ነው፣ ግንበኛ። ሚልድረድ ጥቁር ናት፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘርም አላት። በቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ ወንጀል ነበር። በሌሊት ተኝተው ሳለ ፖሊስ ገብቶ ያዛቸው። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ላለመታሰር ለ25 ዓመት ግዛቲቱን ለቀው መውጣት ነበረባቸው። ሚልድረድ በ1963 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1967 ሕጉ በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ለተዋናይ ፈተና ነው። ፍርድ ቤት አለ፣ ግፍ አለ፣ ስደት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጮሆ ያስለቅሰን ነበር። ሩት ግን የሚልድረድን የድሮ የፊልም ቅጂ ደጋግማ አየች። ያቺ ሴት ዝግ ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ ነበረች። ሩትም ቆጠበች። ስልኩን ይዛ ወሬ ስትሰማ ፊቷን ብቻ ተመልከቱት። አንገቷ ቀና ይላል፣ ዓይኖቿ ይሞላሉ፣ ድምፅዋ ግን ከፍ አይልም። ለ2017ቱ ኦስካር በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ያሳጫት ይህ ዝም ያለ ሥራ ነው። ሽልማቱን አላገኘችም። ለእኔ ምንም አይጎድልበትም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ባሏን ሪቻርድን የተጫወተው ጆኤል ኤጀርተን አውስትራሊያዊ ነው። እሷ አዲስ አበባ የተወለደች የአየርላንድ ልጅ። ሁለት የሩቅ አገር ሰዎች የቨርጂኒያን ገጠር አፍ ተናግረው አሜሪካውያንን አሳመኑ።

በምን? በጆሮ ነዋ! በ2011 ለቢቢሲ የዌልስ ከተማ የካርዲፍን ልጅ፣ ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆነች፤ የአየርላንድ ሽልማትም አገኘችበት። "ፕሪቸር" በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ከ2016 እስከ 2019 የቴክሳስ ልጅ ሆነች። "ፓሲንግ" በተባለው የ2021 ፊልም ደግሞ የ1920ዎቹን የኒውዮርክ ሴት ሆነች። ይህቺ ሴት ጥቁር ሆና ሳለ ነጭ መስላ የምትኖር ናት። ሳቋ እንኳ የተማረችው ሳቅ ነው። እሱን ፊልም ስታዩ ሳቋን ስሙት።

አሁን ቅር የሚለኝን ልናገር። እኛ የገጠር ሰው ስንጫወት አፋችንን ብቻ እናጣምማለን። ጎጃሙም፣ ወሎውም፣ መንዙም አንድ ዓይነት ይሆንብናል። ሰው ይስቃል፣ እኛም ተሳካልን እንላለን። ከዚያ አካባቢ የመጣች እናት ግን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ አንገቷን ትደፋለች። አይቻታለሁ። ፈረንጆቹ ለአንድ የገጠር አፍ አሰልጣኝ ቀጥረው ለወራት ይለማመዳሉ። እኛ አሰልጣኝ የምንቀጥርበት ገንዘብ ላይኖረን ይችላል። ግን አውቶቡስ ተራ አለን። እህል በረንዳ አለን። ቁጭ ብሎ መስማት በነፃ ነው።

ከእናንተ መሐል ወደ ውጭ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በቡድን፣ ለወገኖቻችን ለመጫወት። እኛም ብዙ ዞረናል። አንድ ጊዜ ዓረብ አገር አርብ ቀን ተጫወትን። ተመልካቾቻችን የእረፍት ቀናቸውን ጠብቀው የመጡ እህቶቻችን ነበሩ፤ ሰው ቤት የሚሠሩ። ተውኔቱ ላይ አንዲት ልጅ እናቷን "ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም" የምትልበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ ላይ በዚያ ቦታ ሁልጊዜ ሳቅ ነበር፤ ልጅቷ ባዶ ድስት ይዛ ነዋ የምትናገረው። እዚያ ግን ማንም አልሳቀም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ ከኋላ ተንሰቀሰቀች።

ቀጣዩን ቃል የምናገረው እኔ ነበርኩ። ቆየሁ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። አገር ሲቀየር ተውኔቱም እንደሚቀየር ያን ቀን ገባኝ።

ሌላም ጉዞ ነበር፤ መራራ። አንድ አዘጋጅ ወደ ሌላ አገር ወሰደን። ውል አልፈረምንም፤ "እኛ እኮ ወንድማማች ነን" አለን፣ አመንነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ገንዘቡ ግን አልመጣም። የመመለሻ ቲኬታችንን የቆረጡልን እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አዋጥተው ነው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ውል ሳትፈርሙ አትሂዱ። የደርሶ መልስ ቲኬታችሁን በእጃችሁ ያዙ። ፓስፖርታችሁን ለማንም አታስይዙ። ፍቅር ስላለን ብቻ በነፃ እንሥራ የሚላችሁን አትስሙ።

ወደ ሩት ልመለስና ላብቃ። ከኦስካሩ እጩነት በኋላ ካሜራ ፊት ብቻ መኖር ትችል ነበር። እሷ ግን ወደ መድረክ ተመለሰች። ሐምሌትን የሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። በ2022 ደግሞ ብሮድዌይ ላይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር "ማክቤዝ"ን ሠራች፤ ሌዲ ማክቤዝን ሆና። በዚህም ቶኒ ለሚባለው የብሮድዌይ ሽልማት ታጨች። መድረክ ላይ "ይደገም" የሚል ዳይሬክተር የለም። አጠገብህ ያለው ሰው ዛሬ ማታ የተናገረው ትናንት ከተናገረው በትንሹ ይለያል። ያቺን ትንሽ ልዩነት ካልሰማህ ተውኔቱ ሞተ። እኔ እንደሚመስለኝ ሩት ወደ መድረክ የምትመለሰው ለዚያች ልዩነት ነው።

አስተባባሪዎቹ ሰዓቴ እንዳለቀ እያሳዩኝ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ልብሳችሁን ለብሳችሁ እንደምትጠብቁም አይቻለሁ። እኔ ወርጄ ከወላጆቻችሁ ጎን እቀመጣለሁ። መብራቱን አጥፉልንና ጀምሩ፤ እየሰማኋችሁ ነው።