ጆሮው ጠርቶ ዓይኑ ለምን ይደበዝዛል?

ሄለን፦ የዛሬው ጥያቄ ፖርትሬት፣ ማለትም የሰው ፊት ፎቶ፣ ማንሳት የጀመረ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ነው። ጆሮው ጥርት ይላል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ሌንሱ ይሆን?

ዳዊት፦ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ምንም አልሆነም። ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር ያለው፣ ካሜራ ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ አድርገሽ፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 1.4 ላይ ከፍተሽ፣ ከሰውየው 1.5 ሜትር ርቀሽ ቆመሻል እንበል። ከፊት እስከ ኋላ ጥርት የሚለው 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሄለን፦ በጣም ትንሽ ነው እኮ!

ዳዊት፦ ወደ 1 ሜትር ስትጠጊ ደግሞ 1 ሴንቲሜትር ከምናምን ይሆናል። ሽፋሽፍቱ ጠርቶ ብሌኑ ሊደበዝዝ ይችላል።

ሄለን፦ ለእኔ ግን ትልቁ ችግር ፎከስ ከያዙ በኋላ ካሜራውን ማዞር ነው። መሃል ያለችውን የፎከስ ነጥብ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ የሹተሩን ቁልፍ በግማሽ ተጭኖ፣ ከዚያ ፍሬሙን ለማስተካከል ዘወር ማድረግ። ብዙ ሰው የለመደው ይሄንን ነው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። በ1.5 ሜትር ርቀት ካሜራውን 15 ዲግሪ ብታዞሪው፣ ፎከሱ ከዓይኑ 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ያልፋል። ያለሽ 2.5 ሴንቲሜትር ነው። ዓይኑ አመለጠሽ፤ ፎከሱ ወደ ጸጉሩና ወደ ጆሮው ሄደ።

ሄለን፦ ስለዚህ ካሜራው ባለበት ይቆይና ነጥቧ ትሂድ። መጀመሪያ ፍሬሙን ጨርሱ፣ ከዚያ ነጥቧን ዓይኑ ላይ አምጧት። ሰውየው ጎኑን ሰጥቶ ከተቀመጠ ደግሞ ለካሜራው የቀረበውን ዓይን ያዙ።

ዳዊት፦ አዳዲሶቹ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው፣ ካሜራዎች ዓይኑን ራሳቸው ፈልገው ይይዙታል። በጣም እወደዋለሁ፤ ሐሳብሽ ሁሉ ሰውየው ላይ ይሆናል። መነጽር ሲኖር ግን የመነጽሩን ፍሬም የሚይዙበት ጊዜ አለ። ጸጉር ዓይን ላይ ሲወርድም እንዲሁ።

ሄለን፦ ብርሃኑንም አንርሳ። ካሜራው ፎከስ የሚይዘው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሲያገኝ ነው። ዓይኑ ጥላ ውስጥ ከገባ ይቸገራል። ሰውየውን ትንሽ ወደ መስኮት አዙረው። ብሌኑ ላይ ያቺ ብልጭታ ስትመጣ ፎከሱም ይቀላል፣ ፊቱም ነፍስ ይዘራል።

ዳዊት፦ የቆመ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ወደፊት ወደኋላ ይላል። ሰውየውን እየተከተለ የሚያስተካክለውን ተከታታይ ፎከስ ተጠቀሚ፤ ሶኒና ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ፣ ካኖን ላይ ሰርቮ የሚባለው።

ሄለን፦ እኔ ግን ሁሉም ሰው 1.4 ላይ ለምን ሙጭጭ እንደሚል አይገባኝም። ቀዳዳው ጠበብ ሲል፣ 2.8 ላይ እኮ ወደ 5 ሴንቲሜትር ታገኛለህ። ሰውየውን ከግድግዳው ካራቅከው ባክግራውንዱም ይደበዝዝልሃል።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ሲለሰልስ የሚሰጠው ስሜት በ2.8 አይገኝም።

ሄለን፦ እሺ፣ የቀረበው ዓይን እስከጠራ ድረስ።

ዳዊት፦ እሱማ ግዴታ ነው! ሰውየው ሳይሄድ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩት። በትንሹ ሲታይ ሁሉም የጠራ ይመስላል። ጆሮው ወይም አፍንጫው ከጠራ፣ ፎከሱ ነው የሳተው። ምንም የጠራ ነገር ከሌለ ግን ካሜራው ወይም ሰውየው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ያኔ የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/200 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ አድርጉትና እንደገና አንሱ።