132 ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ለማንም አውርቼው የማላውቀውን ነገር ልነግራችሁ ነው።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ መርካቶ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ፌስታል ይዘው መጡ። ሲፈቱት ከእኛ የገዙት ኤክስቴንሽን ነው። አንዱ ጎኑ ቀልጦ ከስሏል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞላው። "ልጆቼ ተኝተው ነበር" አሉ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ባለሱቁ ወንበር ሰጣቸው። ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ ሌላ ዓይነት፣ ገመዱ ወፈር ያለ፣ አውጥቶ ሰጣቸው። መርቀውት ሄዱ።

እሳቸው እንደወጡ ወደ እኔ ዞረና "የዚያኛውን ካርቶን ወደ ፊት አውጣው፣ ቶሎ ይለቅ" አለኝ።

አወጣሁት።

ለእሳቸው ሌላ ዓይነት መስጠቱን ልብ በሉልኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔም አወቅኩ። ግን ዝም አልኩ። ከዓመታት በኋላ የቦይንግን ጉዳይ ሳነብ ያ ካርቶን ዓይኔ ላይ መጣ።

ያን እሁድ ታስታውሱታላችሁ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ስድስት ደቂቃ ብቻ ቆየና ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሬሳ ሳጥኖች ተደረደሩ፤ ውስጣቸው ግን አስከሬን አልነበረም። ለቤተሰብ የተሰጠው ከቦታው የተዘገነ አፈር ነበር። የወለዱትን ልጅ ሳይገንዙ፣ ፊቱን ሳያዩ፣ አፈር ታቅፎ መመለስ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ድምፄ ይለወጣል፣ ይቅርታ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 የኢንዶኔዥያው አየር መንገድ የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ከጃካርታ እንደተነሳ ባሕር ውስጥ ወደቀ። 189 ሰው። ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ያው ችግር። ከዚያ እስከ ቱሉ ፈራ 132 ቀን ነው። ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ማክስ ከቀድሞው 737 የሚበልጡ ሞተሮች ተገጠሙለት። ትልቅ ስለሆኑ ወደ ፊትና ወደ ላይ ከፍ ተደርገው ተቀመጡ። በዚህ የተነሳ አንዳንዴ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚገባው በላይ ቀና ሊል ይችላል። ያንን እንዲያርም ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተጨመረ፤ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። አፍንጫው ምን ያህል እንደቀና የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፣ ግራና ቀኝ። ኤምካስ ግን የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከተሳሳተ አውሮፕላኑ ያለ ምክንያት ወደ መሬት ይገፋል። አብራሪው ሲያቃና እንደገና ይጫናል።

እስከ ጃካርታው አደጋ ድረስ አብራሪዎቹ ደግሞ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። መመሪያቸው ላይ አልተጻፈም። አዲስ ነገር አለ ከተባለ ሥልጠና ይመጣል፣ ሥልጠና ደግሞ ብር ነው። ማክስ ሲሸጥ ትልቁ ማባበያ "የድሮውን የሚያበር ሰው ሲሙሌተር፣ የበረራ መለማመጃ ማሽን፣ ሳይገባ ይህንንም ያበራል" የሚለው ነበር።

እሺ፣ እስከ ጃካርታ ድረስ ስህተት ነው እንበል። እኔ ስህተት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ግን እንበል። ከጃካርታ በኋላስ?

ቦይንግ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ላከ። ሴንሰሩ ከተሳሳተ እንዲህ አድርጉ አለ። ሶፍትዌሩን እያስተካከልኩ ነው አለ። አውሮፕላኑ ደህና ነው አለ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም የራሱን ስሌት ሠራ፦ ችግሩ ካልተስተካከለ በማክስ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋ ሊደርስ ይችላል። ይህን ወረቀት ላይ አየ። አየና እንዲበር ፈቀደ። ሕዝቡ ይህን የሰማው ከኢቲ 302 በኋላ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ነው።

ካርቶኑን ወደ ፊት አውጣው፣ ቶሎ ይለቅ።

ከዚያም ጣት ወደ እኛ አብራሪዎች ተቀሰረ። ሥልጠና አንሷቸው ነው ተባለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ደግሞ 25። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ ሲወጣ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ደጋግመው እንደተከተሉ፣ አውሮፕላኑ ግን አልታዘዝ እንዳላቸው ተናገሩ። ከጃካርታ በፊት መኖሩን እንኳ ካልተነገረ ነገር ጋር ነው የታገሉት።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ። በፈረንጆቹ 1982 አሜሪካ፣ ቺካጎ አካባቢ 7 ሰዎች ታይሌኖል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ውጠው ሞቱ። ሳይናይድ የሚባል መርዝ የጨመረበት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የአምራቹ አልነበረም። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ግን 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጥ ከገበያ ሰበሰበ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ኩባንያው በሌላ ጊዜ በሌላ ምርት ተወቅሷል፣ ቅዱስ ነው አልልም። ያን ጊዜ ግን "አትውጡ" ብሎ ተናገረ። "አትሳፈሩ" ያለን ማን ነው?

በጥር 2021 በፈረንጆቹ ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማማ። 2.5 ቢሊዮን ዶላር። ከዚያ ውስጥ ለሟች ቤተሰቦች የተመደበው 500 ሚሊዮን ነው። ለአየር መንገዶች ግን 1.77 ቢሊዮን። ከሰው ይልቅ የቆመው አውሮፕላን ኪሳራ ብዙ ተከፈለበት። ቤተሰቦቹ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ዓመታት አለፉ፣ በ2025 የወንጀል ክሱ ተዘጋ።

ስለ እኔ ልጨርስ። ያ ካርቶን በሁለት ሳምንት አለቀ። የገዢዎቹን ስም አልያዝኩም፣ ስልክም አልያዝኩም። ከሁሉም አንዷን አልረሳትም። ልጅ አዝላ ነበር። ኤክስቴንሽኑን በእጇ እያገላበጠች "ወንድሜ፣ ምጣድ ይችላል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።