ከሜዳው መስመር ውጭ ያለው ሥራ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎች፣

ትምህርቴን እንደጨረስኩ መጀመሪያ ሥራ የጠየቅኩት አንድ የእግር ኳስ ክለብ ነበር። የተቀበሉኝ ኃላፊ ማመልከቻዬን አንብበው ሲያበቁ «ለመሆኑ ምን ትችላለህ?» አሉኝ። «እግር ኳስ እወዳለሁ» አልኳቸው። «በር ላይ ያገኘኸው ጥበቃም ይወዳል» ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ። በዚያን ዕለት ተናድጄ ወጣሁ፤ ዛሬ ግን አነጋገራቸው ትንሽ ለስለስ ቢል ደስ ባለኝም ጥያቄያቸው ትክክል እንደነበር አምናለሁ። ስፖርቱ ሰው የሚቀጥረው ስለወደደው ሳይሆን የጎደለውን ሥራ ስለሚሠራለት ነው።

የታላቁ ሩጫን ጠዋት አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2001 ውድድሩ ሲጀመር ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸንፏል። ይህን የመሰለ ሩጫ እንዲካሄድ ግን መንገድ የሚዘጋበትን ሰዓት ከፖሊስ ጋር የሚነጋገር፣ የስፖንሰር ውል የሚያዘጋጅ፣ ከነቴራ አሳትሞ የሚያከፋፍል፣ አምቡላንስ የሚመድብ፣ ሰዓት የሚይዝና ውኃ የሚያድል ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሥራዎች ፈጣን እግር የሚጠይቅ የለም፤ ምናልባት ውኃ ማደሉ ካልሆነ በቀር።

ክፍተቱ ከሁሉም በላይ የሚታየኝ በአትሌቲክሱ ነው። በፀረ ዶፒንግ (አበረታች ቅመምን በመከላከል) የምርመራ ቋት ውስጥ፣ ማለትም መርማሪ ሳያሳውቅ መጥቶ ሊመረምራቸው በሚችል አትሌቶች ዝርዝር ውስጥ፣ የተመዘገበ አትሌት በየሦስት ወሩ አስቀድሞ እያንዳንዱን ቀን የት እንደሚውልና እንደሚያድር ማሳወቅ፣ ከቀኑም አንዷን ሰዓት መርማሪ ቢመጣ በርግጠኝነት የሚገኝባት አድርጎ መመደብ አለበት። በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ መረጃውን ካጓደለ ወይም በተባለው ቦታ ካልተገኘ፣ በሰውነቱ ምንም ዓይነት አበረታች ቅመም ባይገኝም፣ የደንብ ጥሰት ሆኖ ከውድድር ሊያሳግደው ይችላል። እንግዲህ ከአርሲ ገጠር የመጣች፣ እንግሊዝኛ ገና ያልለመደች፣ ዛሬ ሱሉልታ ነገ አውሮፓ የምትገኝ ወጣት ሯጭ አስቡ። ኃላፊነቱ ምንጊዜም የእርሷ ነው፤ ነገር ግን ደንቡን በቋንቋዋ የሚያስረዳት፣ የጉዞ ለውጧን ተከታትሎ መረጃውን በወቅቱ የሚያድስላት ባለሙያ ለዓመታት የደከመችበትን ሩጫ ያድንላታል። ይህን ሥራ የሚመጥን ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሌለ አይመስለኝም።

በተጫዋቾች ወኪልነት ለመሥራት የምታስቡም ደንብ ማጥናታችሁ የግድ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወኪሎችን በፈተና ፈቃድ መስጠት ጀምሯል፤ ጥያቄዎቹ 20 ሲሆኑ ማለፊያው 75 በመቶ ነው፤ በአማርኛም አይሰጥም።

መግቢያው በር አንድ ብቻ አለመሆኑን ያሳዩን ሰዎች በአገራችን አሉ። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሳሉ ነው ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት። በካናዳና በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች የተመረጠችው ዳኛ ሊዲያ ታፈሰም በሙያዋ ፋርማሲስት ናት።

«በነፃ አገልግሉ፣ ከዚያ ትቀጠራላችሁ» የሚሏችሁን ግን በጥንቃቄ ስሙ። ለአንድ ውድድር ወይም ለአንድ ወር ማገልገል ብዙ ያስተምራል፤ ማብቂያው ያልተነገረ ነፃ አገልግሎት ግን ጉልበት ብዝበዛ ነው። ስትጀምሩ የምትሠሩትን ሥራና የምትጨርሱበትን ቀን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ስትጨርሱም የምስክር ወረቀት ጠይቁ።

ወደዚያው ክለብ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ የያዝኩት ማመልከቻ ሳይሆን አንድ ደብተር ነበር። የክለቡን የአንድ የውድድር ዘመን የሜዳ ላይ ጨዋታዎች ከተመልካች መቀመጫ ሆኜ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደተቀየረ፣ ግብ መቼና በየትኛው መስመር በኩል እንደተቆጠረ መዝግቤበታለሁ፤ አብዛኞቹም የተቆጠሩብን በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነበር። እኚያው ኃላፊ ደብተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ካገላበጡ በኋላ «ይህን ሥራ ማን አዘዘህ?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ።

አመሰግናለሁ።